የአንድ የቲም ስም ሁለት ጊዜ ሲጻፍ

(በመዘዞ ለማኅበሩ አባላት፣ ለለጋሾችና ለአሳዳጊ ቤተሰቦች የቀረበ ንግግር)

ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን፤ ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።



ስለ የቲሞች ስንሰባሰብ አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው ስለ መስጠት ነው። የዛሬው ርእሴ ግን ስለ መቁጠር ነው። አንድ ሕፃን በመዝገብ ላይ ሁለት ጊዜ ከሰፈረ፣ ሁለት ለጋሾች ሁለት የቲሞችን እንደረዱ ያምናሉ፤ በእውነቱ የተረዳው ግን አንድ ነው። በዚያው ልክ ተራውን የሚጠብቅ ሌላ ሕፃን ያለ ደብተርና ያለ ልብስ ይከርማል። በሱረቱ አን-ኒሳእ 6ኛ አንቀጽ የየቲሙ ገንዘብ ለባለቤቱ ሲመለስ ምስክር እንዲቆም ታዟል። እንግዲህ የመዝገብ ጥራት የጸሐፊው ሥራ ብቻ ሳይሆን የሁላችንም አማና ነው።

ድርብ ምዝገባ ሁልጊዜ ከተንኮል አይመጣም። እናት ከመዘዞ ወደ ደብረ ሲና ወይም ወደ ሸዋ ሮቢት ብትዛወር፣ የዚያ አካባቢ መዝጋቢ ልጇን እንደ አዲስ ይጽፈዋል። ሕፃኑን እናቱ በአንድ ስም፣ አያቱ በቤት ስሙ ሊያስመዘግቡት ይችላሉ። የልደቱ ዘመን በአንዱ ቅጽ በኢትዮጵያ፣ በሌላው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ቢሰፍር የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ይፈጠራል። በዚህ ላይ የፊደላችን ጉዳይ አለ። «መሐመድ»፣ «ሙሐመድ»፣ «መሀመድ» ለዓይናችን አንድ ስም ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን «ሀ» እና «ሐ» የተለያየ መለያ ቁጥር የተሰጣቸው ሁለት ፊደላት ናቸው። «ጣርማ በር» ተነጣጥሎና «ጣርማበር» ተገጥሞ ሲጻፍም እንደ ሁለት ቦታ ይቆጥራቸዋል።

ይህ ችግር ለዑለማእ እንግዳ አልነበረም። በ463 ዓመተ ሂጅራ (በ1071 እ.ኤ.አ.) ያረፉት አል-ኸጢብ አል-ባግዳዲ፣ በአንድ ሰነድ በኩንያው፣ በሌላው በአባቱ ስም በመጠራቱ እንደ ሁለት ሰው የተቆጠረን የሐዲስ አስተላላፊ፣ እንዲሁም በስም መመሳሰል የተነሣ እንደ አንድ የታዩ ሁለት ሰዎችን እየለዩ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጽፈዋል። አንዱን ሁለት ማድረግም፣ ሁለቱን አንድ ማድረግም ስሕተት መሆኑን ከእርሳቸው እንማራለን።

አሁን ወደ አሠራሩ እንለፍ። 10,000 ስሞች ያሉትን መዝገብ እያንዳንዱን ስም ከእያንዳንዱ ጋር በማስተያየት እንመርምር ብንል፣ 49,995,000 ንጽጽር ያስፈልገናል። ለአንዱ አንድ ሰኮንድ ብቻ ብንመድብ፣ ሌሊትና ቀን ሳያርፉ ከ578 ቀናት በላይ ይፈጃል። መዝገቡ 10 እጥፍ ሲያድግ ድካሙ ወደ 100 እጥፍ ይጠጋል። ኮምፒውተርም ቢሆን በዚህ መንገድ በከንቱ ይደክማል።

ብልኅ መንገድ የሚሆነው አስቀድሞ መደርደር ነው። እህል ስንለቅም ጤፉን ከስንዴው ጋር ቀላቅለን እንደማንለቅመው ሁሉ፣ መዝገቡንም በመጀመሪያ በመልክ በመልኩ እንለየዋለን። ይህም በሦስት ደረጃ ይፈጸማል።

አንደኛ፣ ዋናው ጽሑፍ ሳይነካ፣ ከጎኑ «የመፈለጊያ ስም» የሚባል ዓምድ ይከፈታል። በዚህ ዓምድ ሞክሼ ፊደላት ወደ አንድ ይመለሳሉ፤ ፊደሉም ሁሉ ወደ ግእዙ ይለወጣል። ያን ጊዜ ሦስቱም አጻጻፎች «መሀመደ» ሆነው ይገናኛሉ።

ሁለተኛ፣ መዝገቡ በዚህ ዓምድ ይደረደራል። ተመሳሳዮቹ ጎን ለጎን ስለሚውሉ፣ ንጽጽሩ በየቡድኑ ውስጥ ብቻ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ድርደራው በሌላ ዓምድ ይደገማል፦ አንድ ጊዜ በአባትና በአያት ስም፣ አንድ ጊዜ በእናት ሙሉ ስም፣ አንድ ጊዜ በስልክ ቁጥር። ስሙ ተሳስቶ ከመጀመሪያው ወንፊት ያመለጠ በሁለተኛው ይያዛልና።

ነገር ግን እዚህ ላይ ትልቅ ጥንቃቄ ያሻል። መንታ ወንዶች ሲወለዱ ሐሰንና ሁሴን ብሎ መሰየም በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው። ሁለቱም ስሞች በዚያ ወንፊት ሲያልፉ «ሀሰነ» ይሆናሉ። አባታቸው አንድ፣ እናታቸው አንድ፣ የልደት ቀናቸው አንድ ነው። ኮምፒውተሩ «አንድ ልጅ ነው» ቢል፣ እኛም አምነነው አንዱን ብንሰርዝ፣ የአንድን የቲም እንጀራ በገዛ እጃችን ነጠቅን ማለት ነው። ስለዚህ ማሽኑ ይጠቁማል እንጂ አይፈርድም። የተጠረጠሩት ስሞች ለሁለት ሰዎች ይሰጡ፤ እነርሱም ቤት ድረስ ሄደው እናቲቱን ወይም አሳዳጊውን በአክብሮት ይጠይቁ። ማጣራቱ እስኪያልቅ ድጋፉ አይቋረጥ። የማንም ስም በጀመዓ ፊት አይነበብ። ድርብ መሆኑ ሲረጋገጥም ሁለቱ መዝገቦች ይዋሐዱ እንጂ አንዱ ያለ ምልክት አይጥፋ፤ ማን፣ መቼ፣ በምን ማስረጃ እንዳዋሐዳቸው ይጻፍ።

አገራችንም በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት የፋይዳ ቁጥር እየሰጠች ነው። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብ የሚጣራው በጣት አሻራ፣ በዓይን ብሌንና በፊት ምስል ነው። አሳዳጊዎች ይህ ቁጥር ካላችሁ አስመዝግቡ፤ ለእኛ ሥራውን ያቀልልናል። ቁጥሩ የሌለው የቲም ግን በዚህ ምክንያት ከደጃችን ሊመለስ አይገባም።

ውድ ለጋሾች፣ አንድ ቀን «የምትረዱት ልጅ በመዝገባችን ሁለት ጊዜ ሰፍሮ ተገኝቷል፤ ድጋፋችሁ ተራውን ለሚጠብቅ ሌላ የቲም እንዲተላለፍ ፈቃዳችሁን እንጠይቃለን» የሚል መልእክት ቢደርሳችሁ አትዘኑ፤ አማናው እየተጠበቀ ለመሆኑ ምልክት ነው። ውድ እናቶች፣ ስትዛወሩ የቀድሞውን የምዝገባ ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ፤ ስትጠየቁም እንደ ክስ አትቁጠሩት።

አላህ (ሱ.ወ.) ሶደቃችሁን ይቀበላችሁ፣ የቲሞቻችንን በሰላም ያሳድግልን፣ እኛንም ከአማና ጠባቂዎች ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።