ጎንደርን ያቆመው ኖራ

በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



ጎንደርን ሊጎበኝ የሚመጣ ሰው በመጀመሪያ የሚቀርብለት የነገሥታቱ ታሪክ ነው። ማን እንደ ነገሠ፣ ማን የትኛውን ግንብ እንዳሠራ፣ መናገሻይቱም እንዴት እንደ ተዳከመች ይነገረዋል። ይህ ተገቢ ነው። ነገር ግን ድንጋይን ከድንጋይ ያያዘው ምን እንደ ሆነ፣ የክረምቱ ውኃ በየት በኩል እንደሚወርድ፣ በጥምቀት ዕለት ብዙ ሕዝብ የሚቆምበት መድረክ በምን እንደ ተደገፈ የሚጠይቅ ጎብኚ ጥቂት ነው። ይህን መጠየቅ የመሐንዲስ ድርሻ ነው። የዚህ ንግግር ዓላማም የቀድሞዋን መናገሻ ከተማ በዚህ ዓይን ማስጎብኘት ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ያህል ከፍ ብላ፣ በምሥራቅ አንገረብን በምዕራብ ቀሃን ይዛ የተቀመጠች ናት። ሁለቱም ወንዞች ውኃቸውን በመገጭ በኩል ለጣና ይገብራሉ። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ መናገሻቸውን እዚህ ሲያጸኑ፣ የድንጋይ ቤተ መንግሥት ማሠራት ለአካባቢው አዲስ ነገር አልነበረም። በእንፍራዝ የጉዛራ ግንብ፣ በደንቀዝና በጎርጎራም የዐፄ ሱስንዮስ ሥራዎች ቀድመው ታንጸዋል። የፋሲል ዘመን ልዩነቱ መንግሥቱ በአንድ ቦታ እንዲረጋ ማድረጉ ነው። ከተማ የሚጸናው ደግሞ ግንበኛው፣ አናጢው፣ ኖራ አቃጣዩና አንጥረኛው በአጠገቡ ሲሰፍሩ ነው። ከእነዚህ ባለሙያዎች መካከል ቤተ እስራኤል ታላቅ ድርሻ እንደ ነበራቸው ይታወቃል። ስማቸው በግንቡ ላይ አልተጻፈም።

ጎብኚው ከጃን ተከል ዋርካ ተነሥቶ ወደ ግቢው ሲገባ፣ 900 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው አጥር ሰባት ሄክታር የሚሆን ቦታ ከቦ ያገኛል። በአጥሩ ዙሪያ ያሉት በሮች ዐሥራ ሁለት እንደ ሆኑ ይነገራል፤ ፊት በር፣ ተዝካሮ በር፣ ባልደራስ በርና እንኮዬ በር ከእነርሱ ውስጥ ናቸው። የፋሲል ግንብ በአራት ማዕዘኑ ጉልላት ያላቸው ክብ ማማዎች አሉት። በስተኋላ የሚነሣው አራት ማዕዘን ማማ ከሁሉ ይበልጣል። በዙሪያው የዐፄ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ የታላቁ ኢያሱ ግንብ፣ የዐፄ በካፋ አዳራሽና የእቴጌ ምንትዋብ ግንብ ቆመዋል። እያንዳንዱ ንጉሥ የአባቱን ሳያፈርስ የራሱን በአጠገቡ ስላሠራ፣ ግቢው የመቶ ዓመት የግንባታ ትምህርት በአንድ ሥፍራ የሚነበብበት ሆኗል።

ይህን ሁሉ ያያዘው ኖራ ነው። የኖራ ድንጋይ እስከ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ሲቃጠል በውስጡ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቀቃል። በውኃ በርዶና ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ ግድግዳ ላይ ከዋለ በኋላ፣ ያጣውን አየር ቀስ በቀስ መልሶ ይስባል፤ እንደገናም ወደ ድንጋይነት ይለወጣል። ይህ በአንድ ቀን የሚፈጸም ነገር አይደለም። ወፍራም ግድግዳ ከሆነ ዓመታት ይፈጃል። ኖራ ከድንጋዩ የለሰለሰ በመሆኑ ግንቡ በጥቂቱ ሲንቀሳቀስ ስንጥቁ በኖራው ላይ ይወጣል፤ ድንጋዩ ይተርፋል። ርጥበትም በኖራው በኩል ተንፍሶ ይወጣል።

ግንቦቹ ብዙ መከራ አሳልፈዋል። በ1690ዎቹ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የኢያሱን ግንብ ጎዳ። በ1859 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ከተማዋን አቃጠሉ፤ በ1880 ዓ.ም. ደግሞ ድርቡሾች አጠፏት። በጣሊያን ወረራ ዘመን ግቢው የጦር ሠፈር ሆነና፣ ጎንደር ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነጻ እስክትወጣ ድረስ በተካሄደው ጦርነት የእንግሊዝ ቦምብ አረፈበት። ይሁን እንጂ ከጥፋቱ ሁሉ በዝምታ የሚሠራው ለጥገና ተብሎ የገባው ሲሚንቶና የብረት ፌሮ ነው። ሲሚንቶ ከአሮጌው ድንጋይ ይልቅ ደረቅና ጥብቅ በመሆኑ ውኃውን በውስጥ ያግታል። መውጫ ያጣው ርጥበት የድንጋዩን ፊት ይልጠዋል፤ ብረቱም ሲዝግ አብጦ ግንቡን ይሰነጥቃል። ከ1960ዎቹ ወዲህ የተደረገው ጥገና ወደ ኖራ እንዲመለስ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ግቢው በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

እዚህ ላይ አንድ የሙያ ችግር ሊዘነጋ አይገባም። የመንግሥት በጀት ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። ሥራ ተቋራጩም ገንዘቡ ሳይመለስ ሥራውን ለመጨረስ በግንቦትና በሰኔ ይጣደፋል። ኖራ ግን መድረቂያ ጊዜ ይሻል፤ በሰኔ የተለሰነውን የሐምሌ ዝናብ ያጥበዋል። እንግዲህ በወረቀት ላይ በጊዜው የተጠናቀቀ ሥራ በግድግዳው ላይ ያልተጠናቀቀ ሊሆን ይችላል። የኖራ ሥራ ውል ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ የሚቆጠር መሆን አለበት።

ከግቢው ወደ ቀሃ ሲወረድ የፋሲል መዋኛ ይገኛል። በዋርካ ሥሮች የታቀፈው አጥር፣ በመካከሉ ያለው ባለ አንድ ፎቅ ግንብና ከቀሃ ወንዝ በቦይ የሚመጣው ውኃ የአንድ አሳብ ውጤቶች ናቸው። ገንዳው ለጥር 11 ይሞላል፤ አርባ አራቱ ታቦት የሚባልላት ከተማ ታቦታቷን ይዛ ትወርዳለች። የጥምቀት በዓል በ2012 ዓ.ም. በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲገባ ደስታው ታላቅ ነበር። በዚያው ዓመት፣ ጥር 11 ቀን፣ በገንዳው አጠገብ ለተመልካች የቆመው የእንጨት መድረክ ተደርምሶ ቢያንስ ዐሥር ሰዎች ሞቱ፤ ከመቶ በላይ ቆሰሉ።

ከዚህ የበለጠ የሚያሳዝን ንጽጽር አይገኝም። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የሆነው ግንብ ቆሞ፣ ለጥቂት ቀን የተሠራው መድረክ ወደቀ። ጊዜያዊ ሥራ ቀላል ሥራ ነው የሚለው አስተሳሰብ ስሕተት ነው። ቁጭ ብሎ የሚመለከት ሕዝብና እያጨበጨበ በአንድነት የሚወዛወዝ ሕዝብ በመድረክ ላይ የሚያሳርፉት ኃይል የተለያየ ነው። ቋሚ ቢበዛ እንኳ ሰያፍ ማገር ከሌለ መድረኩ ወደ ጎን ይሄዳል። ስለዚህ ማንኛውም የበዓል መድረክ በወረቀት ተነድፎ፣ የሚሸከመው የሰው ቁጥር በግልጽ ተጽፎበት፣ ከበዓሉ በፊት ኃላፊነት ባለው መሐንዲስ ሊፈረምበት ይገባል።

በከተማዋ ዳርቻ ያለችው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከድርቡሽ እሳት የተረፈችው ንብ ጠብቋት ነው ይባላል። በጣሪያዋ የተሣሉት የመላእክት ፊቶች ግን ዛሬ ጠባቂያቸው የማያፈስ ክዳን ነው። የምንትዋብ ቁስቋምም እንዲሁ ሣር የበቀለባቸውን ግድግዳዎች ይዞ ኮረብታው ላይ ቆሟል። ሥሩ በኖራው ውስጥ ሲወፍር የሚያደርሰውን ጉዳት ለማስቀረት በዓመት አንድ ቀን የሚያርም ሠራተኛ ይበቃል።

ወደ ሰሜን መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደባርቅ የደረሰ ሰው ሰሜን ተራሮችን ያገኛል። በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ ፓርክ በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተቆጠረ። የዋሊያ መመናመን፣ የከብት ግጦሽና በፓርኩ ውስጥ የሚያልፈው መንገድ ከምክንያቶቹ ነበሩ። ብዙ ተደክሞ በ2009 ዓ.ም. ከዚያ መዝገብ ወጣ። መንገድ የሚቀይስ መሐንዲስ የዋሊያንም ዕድል እንደሚቀይስ ከዚህ ይማራል።

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል በደረሰው ጦርነትና አለመረጋጋት ጎብኚ ተቀንሷል፤ ከእርሱ የሚገኘው ገቢም እንዲሁ። ክረምቱ ግን ጎብኚን አይጠብቅም፤ በየዓመቱ በሰዓቱ ይመጣል። በቅርብ ዓመታት በግቢው የተካሄደው ሰፊ ጥገናም ቢሆን ቀጣይ እንክብካቤ ካላገኘ ድካሙ ከንቱ ይቀራል።

ስለዚህ ለማኅበሩ የሚቀርበው አሳብ አጭር ነው። በየዓመቱ በሚያዝያ ወር፣ አባላት በነጻ የሚሰጡት የአንድ ሳምንት ፍተሻ ይደረግ፤ ቦዮች ይታዩ፣ ስንጥቆች ተለክተው በመዝገብ ይግቡ፣ ያለፈው ዓመት ልክ ከዘንድሮው ይነጻጸር። ኖራ ማቃጠል የሚያውቁ ሽማግሌዎች ሳያልፉ ወጣት ግንበኞች በእጃቸው ይሰልጥኑ። ጥር ከመድረሱም በፊት የጥምቀቱ መድረክ ይመርመር። ለዚህ የሚያስፈልገው ሜትር፣ ደብተርና ቃሉን የሚጠብቅ ባለሙያ ነው።