ሳይቃጠል በቅጠል፦ የውሃ መሳቢያ ሞተር የዘወትር እንክብካቤ

የሀብሩ፣ የመርሳና የወልድያ ዙሪያ ሞዴል አርሶ አደሮች፣

ዛሬ ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ አላወራም። የማወራው ከወንዝና ከጉድጓድ ውሃ ስለምትስቡበት የቤንዚን ሞተር ነው። ሽንኩርቱ ራስ መቋጠር ሲጀምር ሞተር ቢቆም፣ መካኒክ ከመርሳ እስኪመጣ ወይም ዕቃው ከወልድያ እስኪገኝ ማሳው አይጠብቅም።

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር። ወጣት ባለሙያ ሳለሁ አንድ አባት «የሞተሬ ዘይት ጠቆረ፣ ምን ላድርግ?» ብለው ጠየቁኝ። «ከጎደለ ይጨምሩበት» ብዬ አለፍኩ። በዚያው በጋ ፒስተኑ ተጣብቆ ሞተሩ ቆመ፤ ከሽንኩርታቸው ግማሹ ደረቀ። የጠቆረ ዘይት ይቀየራል እንጂ አይጨመርበትም። ይህን የተማርኩት በእሳቸው ኪሳራ ነው።

ሞተር የሚያረጀው በሠራው ሰዓት ልክ ነው። በቀን 5 ሰዓት የሚሠራ ሞተር በ20 ቀን 100 ሰዓት ይሞላል። ስለዚህ የሠራበትን ሰዓት በየቀኑ በደብተር መዝግቡ። ማንበብና መጻፍ የሚችል ልጅ ካለ ይህን ሥራ ለእሱ ስጡት። ከዚህ በታች ያለው ለተለመዱት አነስተኛ ባለ አራት ምት ሞተሮች ነው፤ የሞተራችሁ መመሪያ የተለየ ካዘዘ መመሪያውን ተከተሉ።

ሁልጊዜ ከማስነሳታችሁ በፊት፦ ሞተሩን ደልዳላ ቦታ አስቀምጣችሁ የዘይቱን ልክ እዩ። የላሉ ቡሎኖችን አጥብቁ። ፓምፑን ውሃ ሙሉት፤ ደረቁን ከተነሳ የውስጡ ማሸጊያ ይቃጠላል። የመሳቢያው ቱቦ ጫፍ ወንፊት ይኑረው፤ አሸዋ ላይም አይረፍ።

በየ50 ሰዓቱ፦ የአየር ማጣሪያውን አጽዱ፤ አቧራ ከበዛ ከዚያም ቀድማችሁ። ስፖንጁን በሳሙና አጥባችሁ አድርቁ፣ ንጹሕ የሞተር ዘይት አስነክታችሁ ጨምቁት። የወረቀቱ ግን መታ መታ ተደርጎ ይራገፋል እንጂ አይታጠብም። ያለ ማጣሪያ ሞተር ማስነሳት ፒስተኑን በአሸዋ እንደ መሞረድ ነው።

በየ100 ሰዓቱ፦ ሞተሩ ሞቅ እንዳለ ዘይቱን ቀይሩ። አዲስ ሞተር ከሆነ የመጀመሪያው ቅያሬ በ20 ሰዓት ነው። ካንዴላውንም ፈትታችሁ አጽዱ፤ ክፍተቱ ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ይሁን። የወጣውን ዘይት ወደ ቦይ አትድፉ፤ በጀሪካን አጠራቅማችሁ ለጋራዥ ስጡ።

ክረምት ሲገባ፦ ቤንዚኑን ከታንከሩና ከካርቡራተሩ አፍስሱ። የቆየ ቤንዚን እንደ ሙጫ ሆኖ ቀዳዳውን ይደፍናል። በፓምፑ የቀረውንም ውሃ አስወጡ።

አንድ ነገር በብርቱ አደራ እላለሁ። ውሃው ሲርቅ ሞተሩን ጉድጓድ ውስጥ አውርዶ የማስነሳት ፈተና አለ። ጭሱ ሽታ የሌለው መርዝ ስላለበት ሰው ሳያውቀው ይገድላል። ሊያወጣው የሚወርደውም አይተርፍም። እንዲህ ዓይነቱ ፓምፕ ውሃው ከሞተሩ ከ6 ሜትር ብዙ ከራቀ ይቸገራል፤ ያን ጊዜ መፍትሔው ሌላ ዓይነት ፓምፕ ነው፤ መጥታችሁ አማክሩን።

ሞተር ሳይክል ያላችሁም ደንቡ ያው ነው፤ የምትመዘግቡት ኪሎ ሜትር ይሁን እንጂ።

በሚቀጥለው ስንገናኝ ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ። እኔም ደብተሩን ሳላይ ስለ ሞተራችሁ ምክር አልሰጥም።