የአሜሪካ የውጭ ፖሊሲ፤ መነሻውና አቅጣጫው

በመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ለታሪክ መምህራን የተደረገ ንግግር



በዕድሜም በሥራም የሚቀድሙኝ መምህራን በተሰበሰቡበት ጉባኤ ስለ አንድ ታላቅ መንግሥት ጉዳይ ለመናገር መቆሜ ድፍረት እንዳይመስልብኝ እሠጋለሁ። ነገር ግን የቆምሁት የዲፕሎማቶችን ምሥጢር ዐውቃለሁ ለማለት አይደለም፤ አንድ ልጅ ጠይቆ ሳልመልስለት የቀረሁት ጥያቄ እስከ ዛሬ ስለሚቈረቍረኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዕጩ መምህራኖቻችን አንዱ ለማስተማር ልምምድ ስምንተኛ ክፍል ገብቶ ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያስረዳ፣ እኔ እንደ ደንቡ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ እመለከተው ነበር። በመካከሉ አንድ ተማሪ ተነሥቶ፣ «መምህር፣ አሜሪካ ወዳጃችን ናት ወይስ ጠላታችን?» ሲል ጠየቀ። ዕጩው መምህር ፊቱን ወደ እኔ መለሰ። እኔም ትምህርቱን እንዲቀጥል በእጄ ምልክት ሰጠሁት፤ በኋላም ለብቻው ጠርቼ፣ «እንዲህ ያለ ጥያቄ በክፍል ውስጥ አይነካካም» ብዬ መከርሁት። ወጣቱ ምክሬን አክብሮ በማስታወሻ ደብተሩ ጻፈው፤ ሲጽፈው ባየሁ ጊዜ ግን አፈርሁ። ጥያቄውን ያለፍሁት ነውር ኖሮበት ሳይሆን መልሱን ስላልተዘጋጀሁበት ነበርና። የዛሬው ንግግሬ ለሁለቱም የዘገየ መልስ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከመነሻው ልጀምር። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ። ጆርጅ ዋሽንግተን ሁለተኛውን የሥልጣን ዘመናቸውን ሊፈጽሙ በተቃረቡበት በ1796 ለሕዝባቸው የስንብት ምክር ጻፉ። ምክሩ በጉባኤ የተነገረ ሳይሆን በፊላዴልፊያ ከተማ በጋዜጣ የታተመ ነው። ፍሬ ነገሩም፣ ከባዕዳን መንግሥታት ጋር ንግድን ማስፋት፣ በፖለቲካ ግን በተቻለ መጠን አለመተሳሰር፣ ከማንም ጋር ቋሚ ቃል ኪዳን አለመግባት የሚል ነበር። ሰውየው ይህን ያሉት ዓለምን ጠልተው አይደለም። በ1790 በተደረገው ቈጠራ የአገሪቱ ሕዝብ ገና ወደ 4 ሚልዮን የሚጠጋ ነበር፤ አውሮፓ በጦርነት እየነደደች ነበር፤ አዲሱ መንግሥትም በ1778 ከፈረንሳይ ጋር የገባው ቃል ኪዳን ወደዚያ እሳት እንዳይስበው ይፈራ ነበር። ከጠብ መራቅ የደካማ መንግሥት ጥበብ ነበረ።

ይሁን እንጂ ምክሩ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ማለት አልነበረም። በ1823 ፕሬዚዳንት ሞንሮ ለኮንግሬስ በላኩት መልእክት፣ የአውሮፓ ነገሥታት በአሜሪካ ክፍለ ዓለም አዲስ ቅኝ ግዛት እንዳይመሠርቱ አስታወቁ፤ በምላሹም መንግሥታቸው በአውሮፓ ጠብ እንደማይገባ ገለጹ። ከዚያ በኋላ ከአውሮፓ እርቃለሁ የሚለው ይኸው መንግሥት በገዛ ክፍለ ዓለሙ እየሰፋ ሄደ። በ1848 ከሜክሲኮ ጋር ያደረገው ጦርነት ሲያበቃ ካሊፎርኒያን ጨምሮ እጅግ ሰፊ ምድር ወሰደ። በ1898 እስፓኝን ድል ነሥቶ ፖርቶ ሪኮን፣ ጉዋምንና ፊሊፒንን ያዘ። የፊሊፒን ሕዝብ ነጻነቱን ሲጠብቅ ጌታ ብቻ ስለ ተለወጠበት በ1899 መሣሪያ አነሣ፤ ነጻነቱንም ያገኘው በ1946 ነው። ራሱ ከቅኝ ገዥ በጦርነት የተላቀቀ መንግሥት ቅኝ ገዥ ለመሆን መቻሉን ተማሪዎቻችን ሊያውቁት ይገባል።

አሁን ለጉዳያችን ዋና ወደ ሆነው ነገር እመጣለሁ። በአሜሪካ ሕገ መንግሥት መሠረት ፕሬዚዳንቱ ከውጭ መንግሥታት ጋር ይዋዋላል፤ ነገር ግን ሴኔት ከሚባለው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ከተገኙት አባሎች ሁለት ሦስተኛው ካልተስማሙበት ውሉ አይጸናም። ጦርነት የማወጅና ገንዘብ የመፍቀድ ሥልጣንም የኮንግሬስ ነው። ስለዚህ የፕሬዚዳንቱ ቃል ሁልጊዜ የአገሪቱ ቃል ሆኖ አይገኝም። ለዚህ ታላቁ ምስክር የዊልሰን ታሪክ ነው። ፕሬዚዳንት ዊልሰን በ1917 አገራቸውን ወደ ዓለም ጦርነት አስገቡ፤ ከድሉም በኋላ የመንግሥታት ማኅበር እንዲቋቋም ከሁሉ ይልቅ የደከሙ እርሳቸው ነበሩ። ውሉ በመጋቢት 1920 ለመጨረሻ ጊዜ ለሴኔት ሲቀርብ 49 ደገፉት፣ 35 ተቃወሙት፤ ለሁለት ሦስተኛው 7 ድምፅ ጐደለ። አሜሪካም በፕሬዚዳንቷ ብርታት ከተመሠረተው ማኅበር ውጭ ቀረች።

የእነዚያ 7 ድምፆች መጕደል ከ15 ዓመት በኋላ የእኛን አገር ነካ። በነሐሴ 1935 ኮንግሬስ የገለልተኛነት ሕግ አወጣ። ሕዝቡ ባለፈው ጦርነት ያለቁትን ልጆቹን አልረሳም ነበር፤ በሴኔት የተቋቋመ የምርመራ ኮሚቴም የመሣሪያ ነጋዴዎች ከጦርነቱ ያገኙትን ትርፍ ይመረምር ነበር። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መሣሪያ የሚከለከለውን ወገን፣ ይኸውም አጥቂውን፣ ለይተው ለመወሰን ሥልጣን እንዲሰጣቸው ፈልገው ነበር፤ ኮንግሬስ ግን እንቢ አለ። ሕጉ በሚዋጉት ወገኖች ሁሉ ላይ እኩል እንዲሆን ተደነገገ። ኢጣልያ በጥቅምት 3 ቀን ኢትዮጵያን በወረረች በሁለተኛው ቀን ሕጉ በሥራ ላይ ዋለ።

እኩልነቱን እንመልከተው። ኢጣልያ የመድፍና የአውሮፕላን ፋብሪካዎች ነበሯት፤ ኢትዮጵያ መሣሪያዋን ሁሉ ከውጭ የምትገዛ ነበረች። እንግዲህ ክልከላው ለአንዱ ምንም አላጐደለበትም፣ ለሌላው ግን እጁን ማሰር ነበር። በሌላ በኩል ነዳጅ ዘይትና የጭነት መኪና በሕጉ አልተጠቀሱም። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኮርዴል ሐል ነጋዴዎች ከዚህ ንግድ እንዲታቀቡ በአደባባይ ቢለምኑም ልመና እንደ ሕግ አይጸናምና፣ ወደ ኢጣልያና ወደ ቅኝ ግዛቶቿ የሚሄደው የአሜሪካ ነዳጅ በእነዚያ ወራት ጨመረ። የመንግሥታት ማኅበርም በበኩሉ ነዳጅን ከማዕቀቡ ውጭ ተወው።

ነገር ግን ታሪኩን እዚህ ላይ ብናቆመው ግማሹን ብቻ እናስተምራለን። የአሜሪካ መንግሥት በ1932 ጃፓን ማንቹሪያን በያዘች ጊዜ፣ በኀይል የተገኘ ግዛት አይታወቅም የሚል ደንብ አውጥቶ ነበር። በዚህም ደንብ ጸንቶ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ በ1938 የኢጣልያን ግዛት ሲያውቁ፣ አሜሪካ ሳታውቀው ቀረች። እንግዲህ የምንፈልገው ጥይት የተከለከለንና መብታችን ያልተካደው በአንድ መንግሥት ነው። ለዚህ ነው «ወዳጅ ወይስ ጠላት» የሚለው ጥያቄ ነገሩን ሊይዘው የማይችለው።

ከ1941 በኋላ መንገዱ ተለወጠ። በመጋቢት ወር ኮንግሬስ ለተባባሪዎች መሣሪያ የሚሰጥበትን ሕግ አወጣ፤ በታኅሣሥ ፐርል ሐርበር ተደበደበ፤ ውቅያኖስ አጥር ነው የሚለው እምነት በዚያ ቀን ፈረሰ። በሐምሌ 1945 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ቻርተር ለሴኔት ሲቀርብ 89 ደገፉት፣ 2 ብቻ ተቃወሙት። የ1920ውንና የ1945ቱን ድምፅ በአንድ ሰሌዳ ላይ ጐን ለጐን ብንጽፋቸው ለተማሪዎቻችን የሩብ ምዕተ ዓመት ትምህርት ይሆናሉ።

ከዚያ ወዲያ አሜሪካ ከዋሽንግተን ምክር በግልጽ ወጣች። ፕሬዚዳንት ትሩማን በ1947 ለግሪክና ለቱርክ 400 ሚልዮን ዶላር ከኮንግሬስ ጠየቁ፤ በማርሻል ዕቅድም ከ1948 እስከ 1952 ለምዕራብ አውሮፓ ወደ 13 ቢልዮን ዶላር ተሰጠ፤ በ1949 የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን ተፈረመ። ርዳታው የተራበን ያጠገበ መሆኑ እውነት ነው፤ ኮሙኒዝምን ለመግታትና ለአሜሪካ ዕቃ ገበያ ለመጠበቅ የታሰበ መሆኑም እውነት ነው። ሁለቱ እውነቶች አይጣሉም። በዚያው ዘመን ግን ይህ መንግሥት በ1953 በኢራን፣ በ1954 በጓቴማላ በሕዝብ ምርጫ የመጡ መንግሥታት እንዲወድቁ በስውር ሠራ። በ1964 ኮንግሬስ ከሞላ ጐደል በአንድ ድምፅ በሰጠው ፈቃድ ቬትናም ውስጥ ገብቶ፣ ከ58 ሺህ የሚበልጡ ወታደሮቹንና እጅግ የሚበዙ የቬትናም ሰዎችን ሕይወት ካስከፈለ በኋላ በ1973 ወጣ። በዚያው ዓመት ኮንግሬስ የፕሬዚዳንቱን የጦር ሥልጣን የሚወስን ሕግ ደነገገ።

ይህ ወደ ውጭ መውጣትና ወደ ቤት መመለስ በአካባቢያችን በዓይን የታየ ነው። በ1953 በተፈረመው ውል አሜሪካ በአሥመራ የቃኘው የሬዲዮ ጣቢያን ስትይዝ ኢትዮጵያ የጦር መሣሪያና ሥልጠና አገኘች። በ1962 ወደ 300 የሚጠጉ የሰላም ጓድ ወጣቶች መጥተው አብዛኞቹ በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤት አስተማሩ፤ እኔን ካስተማሩኝ መምህራን ብዙዎቹ የእነርሱ ተማሪዎች ነበሩ። ሳተላይት ሲመጣ የጣቢያው ጥቅም ቀነሰ፤ በ1977 አሜሪካ ስለ ሰብዓዊ መብት ጥሰት የጦር ርዳታዋን ስትቀንስ የደርግ መንግሥት ጣቢያውን ዘጋ። በሶማሊያም በ1992 የርዳታ እህል ለመጠበቅ የገባው የአሜሪካ ጦር፣ በጥቅምት 1993 በመቋዲሾ 18 ወታደሮች ከሞቱበት በኋላ በመጋቢት 1994 ወጣ። በማግሥቱ ወር በሩዋንዳ እልቂት ሲጀመር ዋሽንግተን እጇን ለማስገባት አልፈለገችም።

በ2001 ኒው ዮርክና ዋሽንግተን ከተመቱ በኋላ አገሪቱ እንደገና ወጣች፤ አፍጋኒስታን ውስጥም እስከ 2021 ቈየች። በ2025 ደግሞ ለውጭ የሚሰጠው ርዳታ እንዲቆም ታዘዘ፤ በ1961 የተመሠረተው የልማት ተራድኦ ድርጅት ሥራውን አቁሞ የቀረው ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተላለፈ። ይህ ድርጅት በአገራችን በአፍ መፍቻ ቋንቋዎች ለሚሰጠው የንባብ ትምህርት ርዳታ ሰጥቶ ነበርና፣ ጉዳዩ ለእኛ ለመምህራን የሩቅ ወሬ አይደለም።

አቅጣጫው እንግዲህ ወዴት ነው? ነቢይ አይደለሁም፤ ነገር ግን የታሪክ መምህር ሦስት ነገሮችን እንዲመለከት እመክራለሁ። አንደኛ፣ ከንግግሩ ይልቅ የወጣውን ሕግ፤ ሁለተኛ፣ የተፈቀደውን ገንዘብ፤ ሦስተኛ፣ የምክር ቤቱን ድምፅ። የ1796ቱ ምክርና የ1947ቱ ምክር በዚያች አገር ሁለቱም በሕይወት አሉ፤ የትኛው እንደሚያሸንፍ የሚወስነውም በአብዛኛው የውጭው ዓለም ችግር ሳይሆን፣ የአሜሪካ መራጭ በራሱ ቤት ያለበት ድካምና ፍርሃት ነው።

ዛሬ ያ ተማሪ ቢጠይቀኝ፣ «ልጄ፣ የምትጠይቀኝ ስለ የትኛው ዓመትና ስለ የትኛው ሕግ ነው?» እለውና 1935ን አብረን እንመረምራለን። እዚያም ከወዳጅነትና ከጠላትነት የሚበልጥ ነገር ያገኛል፤ እኩል ሕግ እኩል ባልሆኑ ሰዎች ላይ ሲወርድ የሚጐዳው ፋብሪካ የሌለው መሆኑን። ከዚህ በኋላ የሚጠይቀው ስለ አሜሪካ ብቻ ሳይሆን ስለ ራሱ አገር ሥራ ጭምር ይሆናል።

ያ ዕጩ መምህር ዛሬ ባልደረባችን ሆኖ በዚህ አዳራሽ ተቀምጧል። ያን ቀን በደብተሩ የጻፈውን ምክሬን እንዲሰርዝልኝ በእናንተ ፊት እለምነዋለሁ።