የመኪናን የመቆጣጠሪያ ሞጁል በቤት ስለ መተካትና ስለ ማደስ



የመኪና ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ሞጁል ሲበላሽ ከሌላ መኪና የተፈታ ገዝቶ በቤት መግጠም የብሎን ሥራ ይመስላል። ሞጁሉ ግን የቀድሞውን መኪና የሻንሲ ቁጥርና የቁልፍ ኮድ በማኅደሩ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ በዚህን ጊዜ ቁልፉን ባዕድ ይለዋል፣ መኪናውም አይነሳም።

ሶፍትዌሩን ማደስ ሌላ ጣጣ አለው። አዲሱ ፕሮግራም ከመጻፉ በፊት አሮጌው ይሰረዛል፤ በመካከል የባትሪው ኃይል ከወረደ ሞጁሉ ከሁለቱም ሳይሆን ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ከፕሮግራም መጫኛው መሣሪያ አስቀድሞ የተረጋጋ የኃይል ምንጭ ማዘጋጀት ይገባል፤ ብዙ ሰው ግን ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል።

ከሁሉም የሚከብደው የመግቢያ ፈቃዱ ነው። በአይኤስኦ 14229 በተደነገገው ሥርዓት ሞጁሉ ለጠያቂው አንድ ቁጥር ይልካል፤ ከዚያ ቁጥር ተሰልቶ የሚገኘው ትክክለኛ መልስ ካልደረሰው አይከፈትም። የስሌቱን ቀመር የሚወስነው አምራቹ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2015 የመኪና ባለቤት ለጥገና ሲል ይህን መሰል መቆለፊያ ቢያልፍ በቅጂ መብት ሕግ እንዳይጠየቅ ተፈቀደ። ፈቃዱ አምራቹ ቀመሩን እንዲሰጥ አያስገድድም። ባለቤቱ የሚያሠራው መካኒክ እንኳ በፈቃዱ የታቀፈው በ2018 ነው። በእኔ አስተያየት ይህ ለባለቤቱ የተሰጠ ግማሽ መብት ነው።