ለመቅበር እንደምንሰበሰብ ለማዳንም እንሰብሰብ

(በሠፈራችን መረዳጃ ዕድር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በኮሚቴው ስም የተነበበ ንግግር)



የዛሬው አጀንዳችን የወር መዋጮና የድንኳን ዕድሳት ብቻ አይደለም። ሁላችንም በየጓዳችን የምናንሾካሹክበት፣ በአደባባይ ግን የማናነሣው አንድ ጉዳይ አለ። እሱም የመጠጥ ሱስ ነው።

እኛ የአርሲ ደጋ ሰዎች ገብስ አብቃይ ነን። ገብሳችን ከከተማችን ብቅል ፋብሪካ ገብቶ ለቢራ ይውላል፤ በየቤቱም ጠላው ይጠመቃል። ስለዚህ መጠጥን ከአገር እናጥፋ ብለን አልተነሣንም። ጠላና አረቄ ሸጣ ልጆቿን የምታሳድግ እናትንም ለመውቀስ አይደለም። የምንናገረው ልተው ብሎ ስላልቻለው፣ ጠዋት እጁ ሳይንቀጠቀጥ ስኒ ማንሣት ስላቃተው ወንድማችን ነው። ስለ እኅታችንም ነው፤ ሴት ተደብቃ ስለምትጠጣ አትታይም እንጂ የለችም ማለት አይደለም።

እንዲህ ያለው ሰው በአገራችን ልማድ ይመከራል፣ ይገሠጻል፣ ሽማግሌ ይላክበታል፣ ይማላል። በዚህ የሚተው አለ። መሐላው ሳምንት ሳይሞላው የሚፈርስበት ግን ብዙ ነው። ሱስ ሕመም ነውና ቁጣ ብቻውን አያድነውም።

ታዲያ ምን ይበጃል? በ1927 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር አክሮን በምትባል ከተማ የሆነውን እንንገራችሁ። ቢል ዊልሰን የሚባል የኒው ዮርክ ሰው መጠጥ ከተወ ጥቂት ወራት ሆኖት ነበር። ለሥራ ሄዶ ሥራው ሳይሳካለት ቀረና ሆቴል ውስጥ ብቻውን ሳለ የመጠጥ አምሮት ያዘው። ወደ ቡና ቤቱ ከመግባት ይልቅ ስልክ አንሥቶ እንደሱ በመጠጥ የተቸገረ ሰው እንዲያገናኙት ለመነ። ዶክተር ቦብ ስሚዝ ከሚባል ሐኪም ጋር አገናኙት። ሁለቱ ለሰዓታት ተጨዋወቱ። አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚባለው ማኅበር የተጀመረው እንዲህ ነው፤ ትርጉሙ ስማቸውን የማይገልጹ የመጠጥ ሱሰኞች ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ሲጀመር ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ።

ስብሰባው እንዴት ያለ ነው? ሰዎች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። የሚፈልግ የራሱን ስም ብቻ ጠርቶ የደረሰበትን ይናገራል፤ ያልፈለገ ያዳምጣል። ተናጋሪውን የሚያቋርጥ፣ የሚሳደብ፣ የሚፈርድ የለም። የአባልነት ክፍያ የለም፤ ለመግባት የሚጠየቀው መጠጥ ለመተው መፈለግ ብቻ ነው። ለዕድሜ ልክ አልጠጣም ብሎ መማልም የለም፤ ዛሬን ብቻ እንዋል ይባባላሉ። ለሚስት፣ ለባልና ለቤተሰብም በ1951 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ አል አኖን የሚባል ለብቻው አለ።

ይህ ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከ10,000 በላይ ሰዎች የተካፈሉባቸው 27 ጥናቶች በ2012 ዓ.ም. አንድ ላይ ተመርምረው ነበር። ወደዚህ ዓይነት ስብሰባ በሥርዓት የተመሩ ሰዎች መጠጥን ፈጽሞ ትቶ በመቆየት ረገድ ሌላ የምክር ሕክምና ካገኙት የተሻለ ውጤት አሳይተዋል።

እንግዲህ የት ይገኛል ለምትሉ፣

አንደኛ፣ ጥያቄውን ከሐኪም ጀምሩ። አሰላ ሪፈራልና ማስተማሪያ ሆስፒታል ቅርባችን ነው። ይህን ስንል በምክንያት ነው። ለረዥም ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ የሌለ ነገር ይታየዋል፤ እንደሚጥል በሽታም ሊጥለው ይችላል። ይህ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ እባካችሁ ቤት ዘግታችሁ ይወጣለታል አትበሉ፤ ሐኪም ዘንድ አድርሱት።

ሁለተኛ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው በአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይጠይቅ። በስልክና በኢንተርኔት የሚደረግ ስብሰባም አለ፤ እንግሊዝኛ ለሚችል ይጠቅማል። ከጉዞ በፊት ቀኑንና ቦታውን ደውሎ ማረጋገጥ ነው።

ሦስተኛ፣ አዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ናት፤ በየሳምንቱ ተመላልሶ አይዘለቅም። ስለዚህ እዚሁ እንጀምር። ሁለት ሰው ከተገኘ ይበቃል። የዕድራችን ቤት በሳምንት አንድ ምሽት ለአንድ ሰዓት ይከፈት ብለን ሐሳብ አቅርበናል። ቁልፉን እንሰጣለን እንጂ የኮሚቴ አባል ገብቶ አይቀመጥም፣ ስም አይመዘግብም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይገባል።

ከእናንተ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። በዚያ በር ማን ገባ ማን ወጣ ብላችሁ አትቁጠሩ፤ ከተማችን ትንሽ ናት፣ ወሬ ሰው ያስቀራል። በሠርግም በለቅሶም የተወውን ሰው በሞቴ እያላችሁ ብርጭቆ አታስይዙት፤ ለስላሳ ወይም ቡና ስጡት። ተመልሶ የወደቀ ቢኖር አይ እሱ አትበሉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይምጣ በሉ።

ዕድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ተክሎ ያስተዛዝናል። ይህ ደግ ልማድ ነው። ግን እኮ በሕይወት ሳለ አንድ ሰዓትና አንድ ክፍል ብንሰጠው ድንኳኑን ሳንተክል ብዙ ዓመት እንቆይ ነበር። ሐሳቡን ተወያዩበትና እጃችሁን አውጡ።



የዕድሩ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ