ራም ከመጨመራችን በፊት

እሷ፦ ላፕቶፕ ሲንቀራፈፍ ሁሉም «ራም ጨምርበት» ይላል። ግን የትኛውን?

እሱ፦ የራሙ ዓይነት ዲዲአር 4 ይሁን ዲዲአር 5 መጀመሪያ ይለይ። አንዱ በሌላው ማስገቢያ አይገባም።

እሷ፦ ጨርሶ የማይጨመርበትም አለ እኮ!

እሱ፦ አዎ፣ ኤም 1 ማክቡክ አንዱ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት ሞዴሉን ማጣራት ነው።

እሷ፦ መጠኑስ?

እሱ፦ ለጽሑፍና ለኢንተርኔት 16 ጊጋ ይበቃል።

እሷ፦ ቪዲዮ ለሚያቀናብር ግን አይበቃም፤ 32 ይሻለዋል።

እሱ፦ ለእሱስ እሺ። ደግሞም ከተገጠመ በኋላ ኮምፒውተሩ ተነሳ ማለት ራሙ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ብልሹ ራም ፋይል ሲያበላሽ እንኳ ላይታወቅ ይችላል።

እሷ፦ ታዲያ በምን ይፈተሽ?

እሱ፦ ሜምቴስት 86 በሚባለው ፕሮግራም፤ ሌሊቱን ይሥራ።

እሷ፦ አንድ ስህተት ብቻ ቢያሳይስ? ይታለፍ?

እሱ፦ በፍጹም! ራሞቹ ሁለት ከሆኑ አንድ በአንድ እያወጡ ጥፋተኛውን መለየት፣ ከዚያ ዋስትናው ሳያልፍ ለሻጩ መመለስ ነው።