ጠረጴዛው ላይ የነበሩት ካርዶች



አዘጋጆቹ ስለ ውጭ አገር የሕክምና ሥራዬ እንድናገር ነበር የጠየቁኝ። እኔ ግን ስለ አንድ ጠረጴዛ ላውራ ብያለሁ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።

እኔ በምኖርበት ብራስልስ በየዓመቱ ጥር መጨረሻ ገደማ ፎስዴም የሚባል የክፍት ሶፍትዌር ጉባኤ ይካሄዳል። ክፍት ሲባል ኮዱን ማንም ሊያየው፣ ሊያርመውና ሊያባዛው የሚችል ማለት ነው። በቅርብ ዓመታት ጤና ጣቢያ የሠራችሁ ሪፖርት የምትልኩበት፣ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተባብረው ዲኤችአይኤስ ቱም የዚሁ ወገን ነው። ጉባኤው እንደ ፈረንጆቹ በ2000 የተጀመረ ነው፤ የሚካሄደውም በዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው። መግቢያ ክፍያ የለም፣ ምዝገባ የለም። አዘጋጁም አስረጂውም በጎ ፈቃደኛ ነው። ሥራውን ለማሳየት ቀድሞ አመልክቶ የተፈቀደለት ፕሮጀክት ጠረጴዛ ይሰጠዋል፤ ሌላውን ራሱ ይዞ ይመጣል።

አንድ የሕክምና መዝገብ ሶፍትዌር የሚሠራ ቡድን ሐኪም ስለፈለገ እኔም ገባሁበት። ሦስት ሳምንት ተዘጋጀን። ምን አደረጋችሁ ብትሉኝ፣ በባነርና በስቲከር ተጨቃጨቅን። ቀለሙ ሰማያዊ ይሁን አረንጓዴ እየተባለ ስንት ምሽት ሄደ መሰላችሁ! ኤክስቴንሽን ገመድ ማን ይዞ እንደሚመጣ ተጽፏል። ኢንተርኔቱ በሰው ብዛት ቢጨናነቅስ ተብሎ ፕሮግራሙ ላፕቶፑ ላይ ብቻ እንዲሠራ ተደርጓል። ላፕቶፑ ውስጥ ያሉትን ታካሚዎች ግን ማንም አላያቸውም።

ዋዜማው ምሽት ልለማመድ ብዬ አንዱን ካርድ ከፈትኩ። የሴትዮዋ ስም፣ የአባቷ ስም፣ ቀበሌዋ፣ ዕድሜዋ፣ የኤችአይቪ መድኃኒት የጀመረችበት ቀን። ሌላ ከፈትኩ፤ እንደዚያው። መረጃው ከአገራችን፣ ስሟን ከማልጠራት ከአንዲት ክሊኒክ የተገኘ ነበር። «ስም ተሰርዟል» ተብለናል። ልጆቹም አልዋሹም፤ የሰረዙት «የቤተሰብ ስም» የሚለውን ዓምድ ነው። ፈረንጅ የቤተሰብ ስሙ ሲጠፋ በከፊልም ቢሆን ይሰወራል። እኛ ግን እዚያ ዓምድ የምንሞላው የአያት ስም አይደል? አያቷ ጠፉ፣ እሷ ከነአባቷ ቀረች። በትንሽ ከተማ ደግሞ ስም፣ የአባት ስምና ቀበሌ ካለ ሌላ ምን ይቀራል? ብራስልስ ውስጥ ደግሞ ሐበሻ የለም እንዳትሉኝ።

ጥፋቱን ለልጆቹ ብቻ አልሰጥም። «እውነተኛ የሚመስል መረጃ ይሻላል» ብዬ አጥብቄ የጠየቅኩት እኔው ነበርኩ። ሲመጣ አልመረመርኩትም። የታካሚን ምስጢር እጠብቃለሁ ብለን የማልነው እኛ ነን እንጂ ኮድ ጸሐፊው አይደለም።

በዚያው ሌሊት ሁሉንም አስጠፋሁ። ለክሊኒኳም ጻፍንላት። ከዚያ ተቀምጬ ታካሚ መፍጠር ጀመርኩ፤ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት አርባ ያህል ሰው ወለድኩ። ቀላል እንዳይመስላችሁ! የደም ግፊቱ ከመድኃኒቱ፣ ክብደቱ ከዕድሜው፣ እርግዝናው ከቀኑ መግጠም አለበት፤ አለዚያ ሐኪም አይቶ ይስቃል። ለአንዲት ሕፃን የልደት ቀን ጳጉሜ 3 ብዬ ብሞላ ፕሮግራሙ አልቀበልም አለኝ። ዓመቱ አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነዋ!

በማግስቱ ያቺን ሕፃን ሆን ብዬ ለጎብኚው አሳየሁ። አንድ ወጣት ቆመና አሥራ ሦስተኛ ወር መኖሩን ጠየቀኝ፣ ነገርኩት፣ ችግሩን እዚያው ቆሞ መዝግቦ ሄደ። ከባነሩ ፊት እንዲህ የቆመ ሰው አላየሁም።

ዛሬ ወደ እናንተ የመጣሁት ለዚህ ነው። የተማሪ ማስተማሪያም ሆነ የሶፍትዌር መሞከሪያ ሲያስፈልግ እውነተኛ ካርድ የሚነሳው የፈጠራ ካርድ ስለሌለን ነው። እያንዳንዱ ትምህርት ክፍል አሥር አሥር የፈጠራ ታካሚ ቢጽፍልን፣ ስማቸው ከነአባታቸው፣ ቀናቸው በእኛው አቆጣጠር ሆኖ፣ ለማንም በነፃ እንለቀዋለን። የሕፃናትና የማህፀን ሐኪሞች ቅድሚያ ብትሰጡኝ ደስ ይለኛል፤ የእኔዎቹ አርባዎቹ በአብዛኛው የውስጥ ደዌ ታካሚዎች ናቸው። መመዝገቢያ ወረቀቱ ከቡናው ጠረጴዛ አጠገብ ነው፤ እስከ ምሳ ሰዓት እዚያው እቆያለሁ።